ቶሎ የማይበስለው ዳቦ

መኪያ ሪያድ ውስጥ የምትወደው ዕቃ ቢኖር አንድ ነው፤ እሱም የሰው ነው። ጥቁር የብረት ድስት፣ ሦስት አጫጭር እግሮች ያሉት፣ ባዶውን እንኳ ሲያነሱት ወገብ የሚያስይዝ። ክዳኑ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው፤ ፍም ሲደረደርበት እንዳይንሸራተት ነው። የገዛው የቤቱ ጌታ አቡ ራካን ነው። መኪያ «ባባ» ትለዋለች። በዕድሜ እምብዛም አይበልጣትም፤ ግን በዚያ አገር ደመወዝ የሚሰጥሽ ወንድ ሁሉ ባባ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ማዳም።

አቡ ራካን ቤቱ ውስጥ ውሃ ቀድቶ ጠጥቶ አያውቅም። ጆጉ ከእጁ ትንሽ ራቅ ካለ መኪያን ይጠራል፣ እሷም የምትተኩሰውን ልብስ ትታ ከላይኛው ፎቅ ትወርዳለች። ብርዱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ውስጡ የበግ ቆዳ የሆነውን ካባ ይደርብና ቤተሰቡን ጭኖ ከከተማው ወጣ ብሎ ሱማማ ወደሚባለው አሸዋ ይነዳል። እንዲህ ያለውን መውጣት ከሽታ ይሉታል። እዚያ እንጨት የሚፈልጠው እሱ ነው፤ ሽንኩርት የሚከትፈው እሱ ነው፤ በጭስ ዓይኑ ሲቀላ ደስ የሚለው እሱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚነኩት ሥራ ጨዋታ ነው። ሽንኩርቱን በቀሩት ቀናት የሚከትፍ ሰው እንዳለ ግን ለአቡ ራካን ያስታወሰው የለም፤ አስታዋሽ የሚሆኑትም ሰዎች ከጎኑ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ሥጋው እስኪበስል ይጠብቁ ነበር።

መኪያ የሐርቡ ልጅ ናት። ባባ ድስቱን ረመጥ ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ከድኖ፣ በመቆንጠጫ ፍም እየለቀመ ክዳኑ ላይ ሲደረድር መጀመሪያ ያየችው ዕለት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ሰውየው ድፎ ሊጋግር ነው እንዴ?» አለችው ሹፌሩን ኡመርን። ኡመር ጅማ ተወልዶ ግማሽ ዕድሜውን በሳዑዲ መሪ ላይ የጨረሰ፣ ፊቱን ሳያፈካ የሚቀልድ ሰው ነው።

«ዝም በይ እህቴ። አሜሪካኖች ሲሠሩት በስልኩ አይቶ ነው። ከላይ እሳት ማድረግን ፈረንጅ የፈጠረው መስሎታል።»

«እንግዲያ የሐርቡ ሴት ሁሉ ፈረንጅ ናት ለካ።»

«ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ ላይ ግን እንደዛ አይልም።»

ለድስቱ ግን ባባ ሰነፍ አልነበረም። ይህን መኪያም አትክድም። የበጉን ሥጋ ከሽንኩርትና ከደረቀ ጥቁር ሎሚ ጋር ከድኖ ሲያስቀምጠው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር፤ ድስቱ ሲንተከተክ ከፍም ይቀንስለታል፣ ዝም ሲል ይጨምርለታል። ነፋስ በሚነፍስበት በኩል ያለው ጎን ስለሚቀዘቅዝ ድስቱን በየጊዜው ያዞረዋል። መኪያ እንጨት እያቀረበች ይህን ሁሉ አየች። አንድ አርብ የሥጋው ድስት ከወረደ በኋላ ፍሙ ገና እንደጋለ ስለነበር፣ ከቤት አቡክታ ያመጣችውን ሊጥ ይዛ ቀረበችና በእጇ ወደ ድስቱ አመለከተች። ባባ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እንደፈለግሽ ማለቱ ነው። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ አድርጋ ፍሙን ደለደለችው። ዳቦው ሲወጣ ልጆቹ ተሻሙበት። ከዚያ ወዲህ ከሽታ ሲወጣ ሥጋው የባባ፣ ዳቦው የመኪያ ሆነ።

ደስ የሚያሰኘው ነገር እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ምድጃ ሰዓት አለው፣ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ትሮጫለሽ። ፍም አይጮኽም። ተቀምጠሽ ታይዋለሽ። መጀመሪያ የእርሾው ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጥቁር አዝሙዱ፣ መጨረሻ ላይ ቅርፊቱ መቅላት ሲጀምር ሌላ ሽታ አለ፤ ስም የለውም፣ ግን አፍ ውሃ ይሞላል። ክዳኑ አይከፈትም። ከፍተሽ ካየሽ ሙቀቱ ይሄዳል፣ ዳቦውም ይቆጣል። ስለዚህ መኪያ «ነይ» ብትባል «ዳቦው» ትላለች፤ ማንም አይከራከራትም። በሪያድ ኑሮዋ ሲጠሯት እንዳትሄድ የሚፈቅድላት ምክንያት ይኸው ዳቦ ብቻ ነበር።

ዳቦውን ከዳቦ በላይ ያደረገችው ግን እህቷ ፈሪሃ ናት። የፈሪሃ ማዳም የመኪያ ማዳም እህት ናት። የአንደኛዋ ቤት ከከተማው ሰሜን፣ የሌላኛዋ ከደቡብ፣ ዐዚዚያ ነው። ፈሪሃን ያስመጣቻት መኪያ ናት፤ «አንድ ከተማ እንሆናለን» ብላ። አንድ ከተማ ሆኑ። በራቸው ግን ከውጭ የሚቆለፍ ሁለት ቤት ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸው በስልክ ይገናኛል፤ ፊታቸው የሚገናኘው ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ ከሽታ ሲወጡ ብቻ ነው። እዚያ ሴቶቹ በአንድ ድንኳን፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ምንጣፍ ላይ ይሆናሉ፤ እሳቱ መሀል ላይ ነው፤ እሳቱ የማንም አይደለም። ሁለቱ እህቶች እዚያ ይቀመጣሉ። ዳቦው እስኪበስል ማንም አይነካቸውም።

መኪያ ይህን ስትደርስበት ሊጡን ማወፈር ጀመረች። ቀጭን ዳቦ ቶሎ ይበስላል። ወፍራም ዳቦ ቀስ ያለ እሳት ይፈልጋል፣ ቀስ ያለ እሳት ጊዜ ይሰጣል። የወፍራሙ ዳቦ መሀል እንደ ጥጥ ይሆናል እያለች ለማዳም አስረዳቻት፤ ውሸት አልነበረም። እህቷን ለማየት ሊጥ ማወፈር ያስፈለጋት ሰው ግን እዚያ ከተማ ውስጥ ነበረች፤ «ታድላ፣ በየሳምንቱ ሽርሽር ይወስዷታል» የሚሉ የአገሯ ሰዎችም ነበሩ።

ዘንድሮ የፈሪሃ ውል አለቀ። አላድስም አለች። ከፊሏ፣ ወረቀቷን የያዘው አሠሪዋ፣ ሲጎትት ቆይቶ ኹሩጁን፣ ማለትም አጠቃሎ የመውጫ ወረቀቷን፣ አወጣላት። የምትበርረው እሁድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አርብ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ሊወጡ ተቀጣጥረዋል። የመጨረሻው ዳቦ ነው።

መኪያ ለዚያ አርብ ስትል ባደረገችው ነው መዘዙ የመጣው። ዕቃው ሁሉ እንዲያምር ፈለገች። ሐሙስ ጠዋት ድስቱን ከመጋዘን አወጣችው። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ሥጋና ዘይት በሁለት ዓመት የብርድ ወራት ያለበሰው ጥቁረት። ባባ ሁልጊዜ በጨርቅ ብቻ ሲወለውለው አይታለች፤ የወንድ ስንፍና መስሏት ነበር። ሐርቡ ውስጥ ድስቷ የጠቆረ ሴት ስሟ አብሮ ይጠቁራል፤ ሪያድ ደግሞ ማዳም የድስት ቂጥ በጣቷ ዳብሳ ታያለች። በሁለቱም አገር የተማረችው አንድ ነገር ነው። በሽቦ ፈትጋ፣ በሳሙና ዘፍዝፋ፣ በበረኪና አጥባ፣ ብረቱ ግራጫ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈገችው። ጣቶቿ ተላጡ። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ደፍታው ስትገባ ደስ ብሏት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኡመር ጠራት።

«ድስቱን የዳርሽው ለማን ነው?»

«አማረ አይደል?»

«ሙሽራ መስሏል። እንሶስላውንም ሞቋል።»

ወጥታ አየች። ውስጡ በሙሉ ቀልቷል፤ ዝገት።

ባባ ማታ መጥቶ ሲያየው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ዝገቱ ላይ አሸት አድርጎ፣ የልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው ቆየ። ከዚያ ጥቁረቱ ቆሻሻ እንዳልነበረ፣ ድስቱን የሚጠብቀው እሱ እንደነበረ፣ ሁለት ዓመት እንደፈጀበት ነገራት። እዚህ ላይ ባባ ትክክል ነበር። መኪያም አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ቀጥሎ የተናገረው ነው ትክክል ያልሆነው።

«ነገ ቤት ትቀሪያለሽ። ከእናቴ ጋር። ኸላስ።»

ስለ ድስት የተቆጣ ሰው ሊፈርድ የሚችለው ስለ ድስት ነው። ይኼኛው በእህቷ ላይ ፈረደ፤ እህት እንዳላት እንኳ ትዝ ብሎት አይመስልም። መኪያ «ባባ፣ ፈሪሃ እሁድ ትሄዳለች» አለችው። «በስልክ ሰላም በያት» ብሎ ድስቱን ተሸክሞ ወጣ። ግቢ ውስጥ ዝገቱን ፈግፍጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በጋዝ እሳት ላይ ሲያጨሰው አመሸ።

የባባ እናት ምድር ቤት ባለ ክፍል ውስጥ የምትኖር፣ ጉልበቷ የከዳት አሮጊት ናት። መኪያ «ማማ ከቢራ»፣ ትልቋ እማማ፣ ትላታለች። በልጅነቷ ድንኳን ውስጥ ያደገች፣ ግመል የጠበቀች ሴት ናት ይባላል። አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው። ብርድ አይስማማትም ተብሎ ወደ አሸዋው ከወጣች ቆይታለች። አርብ አርብ ከእሷ ጋር የምትቀረው የጎረቤት ሠራተኛ ነበረች።

ያን ማታ መኪያ የአሮጊቷን እግር በቅባት እያሸች ወሬ ጀመረች።

«ማማ፣ ሱማማ ዝናብ ጥሎ ሣር አብቅሏል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ኡመር።» ኡመር እንዲህ ብሎ አያውቅም።

«ምን ዓይነት ሣር?»

መኪያ የሣሩን ዓይነት አታውቅም። «አረንጓዴ» አለች።

አሮጊቷ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲያልፍላት መኪያን ትኩር ብላ አየቻት። «እህትሽ ትመጣለች አይደል?»

መኪያ እግሯን ማሸቷን ቀጠለች።

«አንቺ ሣር መቼ ትወጃለሽ» አለች ማማ ከቢራ። «እኔ እወዳለሁ። ለልጄ እነግረዋለሁ፤ እወጣለሁ እለዋለሁ። እኔ ከወጣሁ አንቺ ትወጫለሽ። ግን ከጎኔ አትርቂም። ስነሳ ትይዥኛለሽ፣ ስተኛ ትሸፍኝኛለሽ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ ማማ።»

ቸርነት ነው እንዳይባል ዋጋው ተነግሯል። ተንኮል ነው እንዳይባል ደግሞ አሮጊቷም እንደ መኪያ ከዚያ ቤት መውጣት የፈለገች ሰው ናት። ባባ ከእናቱ ጋር አይከራከርም። በጠዋት መኪያ ሊጡን አቦካች፤ እንደዚያ አወፍራ አታውቅም።

አርብ ነፋስ ነበረ። ሱማማ ሲደርሱ የፈሪሃ ቤተሰብ ቀድሞ ደርሷል። ሁለቱ እህቶች ዕቃ ሲያወርዱ ብቻ ነው ጎን ለጎን የቆሙት።

«ሊጡ ፔርሙሱ አጠገብ ነው» አለች መኪያ። «ከታች ጥቂት ፍም። ቀስ አድርጊው።»

«አንቺስ?»

«አሮጊቷ ይዛኛለች።»

ድንኳን ውስጥ መኪያ ማማ ከቢራን ወንበሯ ላይ በትራስ ደግፋ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተቀመጠች። ሻይ። ጫማ ይውለቅ። ጫማ ይጠለቅ። መጋረጃው ይዘጋ፣ ጭሱ ይገባል። መጋረጃው ይከፈት፣ ሣሩን ልየው። ሣር አልነበረም። ማማ ከቢራም ስለ ሣሩ ዳግም አላነሳችም። በመጋረጃው ክፍተት መኪያ ፈሪሃን ታያታለች። ድስቱ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ፍም እየለቀመች ነው፤ ፊቷ ወደ ድንኳኑ ነው። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

የእርሾው ሽታ መጣ። መኪያ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ማዳሞቹ ስለ አንድ ሰርግ ያወሩ ነበር። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ መጣ። ይህ ማለት ግማሹ አለቀ ማለት ነው። አብረው ሊቀመጡበት ያወፈረችው ዳቦ እዚያ ለብቻው እየበሰለ ነው።

«ማማ» አለች። «እጅሽ በርዷል። እሳት ዳር ይሻልሻል።»

«እዚያ ወንዶች አሉ።»

«ጀርባሽን ትሰጫቸዋለሽ።»

ማዳም ሰምታ «ጭሱ ይጎዳታል» አለች።

አሮጊቷ ምራቷን አየቻት። ከዚያ በፊት እሳት ዳር መሄድ የፈለገች አትመስልም ነበር፤ ይጎዳታል ስትባል ፈለገች። «ያሳደገኝ ጭስ ነው» አለች። ባባ ተጠርቶ መጣና ወንበሯን እሷ እንደተቀመጠችበት ከኡመር ጋር ተሸክሞ እሳቱ አጠገብ አስቀመጣት። መኪያ ብርድ ልብሱን ይዛ ተከተለች፣ ወንበሩ ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጠች። አልራቀችም። ቃሏን ጠበቀች። ፈሪሃ በአንድ በኩል፣ መኪያ በሌላ በኩል፣ አሮጊቷ መሀል።

«ድስቱን ምን አድርገሽው ነው? እኔ አዲስ የገዙ መስሎኝ።» አለች ፈሪሃ።

«አጠብኩት።»

«እማ ብታይሽ በኮራች።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ የሚወራው ጠፋ። በስልክ ሲሆን ወሬ አያልቅባቸውም ነበር።

«እማ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለች ፈሪሃ።

«ወፍራለች በያት።»

«ፎቶሽን ታያለች እኮ።»

«ፎቶው ያከሳል በያት።»

«እትዬ፣ አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ኢንሻአላህ…»

«ኢንሻአላህ አትበዪኝ። እሱን ማዳሜም ትለኛለች።»

መኪያ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰች። መቆስቆስ አልነበረበትም።

«የሐርቡው ቤት ጣሪያ ይልበስና» አለች።

«ጣሪያው ለማን ነው? እማ አንድ ክፍል ይበቃታል። እኔም አገባለሁ። አንቺ እዚህ ነሽ። ለዝናቡ ነው የምትሠሪው?»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ረዘመ። ኹሩጅ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«አዎ። አንቺም ያዢና እይው።»

ማማ ከቢራ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታይ ቆይታ ነበር። «ምንድነው የምትሉት?»

«ስለ ዳቦው ነው ማማ» አለች መኪያ።

«ብዙ የሚወራለት ዳቦ ነው» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗንም ጨፈነች። እንቅልፍ ይሁን ጨዋነት አልታወቀም።

ፈሪሃ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አስመጣሽኝ ብዬ አልቀየምኩሽም። ስትፈሪ አይቼሻለሁ፤ አልቀየምኩሽም።»

የቅርፊቱ ሽታ መጣ፤ መኪያ አልተነሳችም። ከመጠን በላይ እንደቆየ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማንኛቸውም ክዳኑን አላነሱም። በመጨረሻ ባባ ከወንዶቹ በኩል ተጣርቶ «ዳቦው አረረ» ሲል ነው የተነሱት።

ክዳኑ ሲነሳ ላዩ ቀልቶ፣ ተነፍቶ፣ አምሮ ነበር። ድስቱን ጨርቅ ላይ ገለበጡት። አልወጣም። ቂጡን በመዳፍ መቱት። አልወጣም። አገር ቤት ሊጡ ከብረቱ እንዳይያዝ ኮባ ቅጠል ይነጠፍለታል፤ በዚህ ድስት ግን ጥቁረቱ ነበር ቅጠሉ። መኪያ ፈትጋ የጣለችው እሱን ነው፤ የአንድ ሌሊት ዘይት አይተካውም። በቢላ ዙሪያውን ሲያስለቅቁት ላዩ ተገንጥሎ ወጣ፣ ታቹ ብረቱን እንደያዘ ቀረ። ባባ መጥቶ ቆሞ አየ።

«እንግዳ ፊት አይቀርብም» አለ። «ለራሳችሁ አድርጉት።»

በዚያ ሁሉ ዘመን መኪያ ከጋገረችው ዳቦ ለራሷ የደረሳት ከልጆቹ የተረፈ ቁራጭ ነበር። ይህኛው ሙሉውን ተሰጣት፤ ስለተበላሸ።

ሊበሉት ግን አልተቀመጡም። የፈሪሃ ባባ መንገድ ሳይጨናነቅ ልሂድ ብሎ ተነስቷል። «ያላ፣ ፈሪሃ» የሚለው የማዳሟ ድምፅ መጣ። ፈሪሃ ትኩሱን ላዩን በሻርፕ ጠቅልላ ልጆቹን እየሰበሰበች ሮጠች። ማማ ከቢራ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ አንድ እጇ ግን የመኪያን እጅጌ ይዟል። መኪያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ድስቱን አነሳች፣ ማንኪያ አነሳች፣ ተነስታ ሄደች።

መኪናው ሞተሩ ተነስቷል፤ ወንዶቹ ግን ገና እየተሰነባበቱ ነው፤ የእነሱ ስንብት መልሶ መላልሶ ነው፤ አላህ ይስጣቸው። ፈሪሃ ከኋላ በልጆቹ መሀል ተቀምጣለች። መኪያ ያን ሁሉ ብረት በሁለት እጇ አቅፋ መስኮቱ ሥር ቆመች። ፈሪሃ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ማንኪያውን ተቀበለቻትና ከድስቱ ታች ፈቀፈቀች። ለራሷ ጎረሰች። ፈቅፍቃ ለመኪያ አጎረሰቻት። ትንሽ ያረረ፣ ትንሽ የዝገት ጣዕም ያለው፣ ትኩስ ነበር።

«ከብረቱ ጋር ነው የምንበላው» አለች ፈሪሃ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ።

«ለደም ጥሩ ነው አሉ።»

ሌላ ጉርሻ፣ ከዚያ ሌላ። ትንሹ ልጅ ለእኔም አለ፤ ለእሱም ደረሰው። ድስቱ ቢከብዳትም መኪያ አላወረደችውም። መተቃቀፍ አልቻሉም፤ መሀላቸው በር አለ፣ ድስት አለ። ፈሪሃ ሌላ ጉርሻ ስትፈቀፍቅ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ክንዷ ከነማንኪያው ወደ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ጎተተችው፤ መስኮቱ ተዘጋ።

መኪያ ስትመለስ ማማ ከቢራ ዓይኗን ገልጣለች። ያንን ሳምንት ሙሉ ሳለች። ሐኪም ተጠራ፣ ማዳም «ጭሱ ነው፣ ነግሬ ነበር» አለች። መኪያ ደረቷን በቅባት እያሸች ከጎኗ ተቀመጠች። እሁድም ከጎኗ ነበረች፤ ፈሪሃ የበረረችበት ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላወቀችውም፣ የአሮጊቷን ልብስ እየቀየረች ነበር።

ማዳም የከሽታውን ዕቃ ስትመልስ አንድ ማንኪያ አጣች።

«አንደኛው የታለ?»

«አሸዋ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» አለች መኪያ።

ማዳም አላመነቻትም። ግን ያን ሁሉ አሸዋ ማን ይፈትሻል።